የበቆሎ ዘር ፎርም፦ ከፍኖተ ሰላም የሥራ ማስታወሻ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ሥራውን ጀመርኩ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበር የበቆሎ ዘር ምዝገባውን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ፈልጓል። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። ክረምት ሳይገባ ማን ምን ያህል ዘር እንደሚፈልግ መታወቅ አለበት። ምዝገባው ከዘገየ ዘሩም ይዘገያል። ዝናብ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

መዝገቡን የሚይዙት የማህበሩ ጸሐፊ ናቸው። ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ሁሉም «መሪጌታ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ደብተሩን ከፍተው አሳዩኝ። እጅ ጽሑፋቸው የብራና ይመስላል። ግን ደብተሩ አንድ ነው። አንድ ሰው መመዝገቡን ለማወቅ ከፊት እስከ ኋላ ማገላበጥ ነው። አምና ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ነበር። ጭራሽ የተረሱ አንድ አባትም ነበሩ።

«የተረሳውን ሰው ዓይን ማየት ነው ልጄ የሚከብደው» አሉኝ።

ለሥራው ጃንጎን መረጥኩ፤ በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ ነው። ፓይተን የለመድኩት ቋንቋ ነው፤ ጃንጎም ፎርም ሲቀበል ብዙውን ነገር በራሱ ይጨርሳል። ማታ ሞዴሉን፣ ዳታቤዙ የሚይዘውን ዝርዝር፣ ጻፍኩ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ፣ ጎጥ፣ መሬት በቃዳ (የሄክታር ሩብ)፣ የዘር ዓይነት፣ የከረጢት ብዛት። ከሞዴሉ ፎርም ማውጣት የጥቂት መስመር ሥራ ነው። ቪውው፣ የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ኮድ፣ የታወቀው ነው። በጌት (ገጹን ብቻ ጠይቆ) የመጣ ሰው ባዶ ፎርም ያያል። በፖስት (የሞላውን ልኮ) የመጣው ይፈተሻል። ትክክል ከሆነ ይቀመጣል። ስህተት ካለበት ደግሞ የጻፈው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የተሳሳተው ቦታ ብቻ ተነግሮት ይመለስለታል።

የመጨረሻው ነገር ለእኔ ትልቁ ነው። መሪጌታ አንድ ስም ለመተየብ ፊደል በፊደል ይፈልጋሉ። አንድ ፎርም ለመሙላት ብዙ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ያን ሁሉ ደክመው የጻፉትን ማሽኑ ቢያጠፋባቸው ወደ ደብተራቸው ይመለሳሉ። ቢመለሱም አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ለራሴ ያልኩት ይህንን ነው፦ ምንም ይምጣ ምን፣ ሰው የጻፈው አይጠፋም።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያውን ጥፋት ጠዋት አገኘሁት። ምዝገባው ሲሳካ እዚያው ቪው ላይ «ተመዝግቧል» የሚል ገጽ ነበር የማሳየው። ሪፍሬሽ ሳደርግ ብራውዘሩ «እንደገና ልላከው?» ብሎ ጠየቀ። እሽ አልኩት። ዳታቤዙ ውስጥ አንዱ ገበሬ ሁለት ሆነ።

ብራውዘሩ አልተሳሳተም። የመጨረሻው ጥያቄ ፖስት ስለነበር፣ ሪፍሬሽ ማለት ያንኑ ፖስት መድገም ነው። መፍትሔው ድሮም የሚታወቅ ነው። ካስቀመጡ በኋላ ገጽ አያሳዩም፤ ወደ ሌላ አድራሻ ይመራሉ። ጃንጎ 302፣ ማለት «ወደዚህ አድራሻ ሂድ»፣ ይልካል፣ ብራውዘሩ አዲሱን አድራሻ በጌት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ ሪፍሬሽ ቢደረግ ደረሰኙ እንደገና ይታያል እንጂ የሚመዘገብ ነገር የለም። ፎርሙ ስህተት ሲኖርበት ግን መምራት አይሆንም። ከመሩት የጻፈው ይጠፋል። እዚያው መልሶ ማሳየት ነው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ወደ ማህበሩ ቢሮ ሄጄ በእነሱ ኔትወርክ ሞከርኩት። ላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልክ ነው። መሪጌታ «መዝግብ» የሚለውን ተጫኑ። ምንም የለም። ደግመው ተጫኑ። አሁንም ምንም። ሦስተኛ ጊዜ ተጫኑ። ከዚያ ደረሰኙ መጣ። ዳታቤዙን ስከፍት ሦስት መዝገብ አለ።

የትናንቱ መፍትሔ ለዚህ አይሠራም። መምራት የሚጠቅመው መልሱ ከደረሰ በኋላ ነው። እዚህ ግን መልሱ መንገድ ላይ እያለ ነው የተደገመው። አዝራሩን በጃቫስክሪፕት ወዲያው ማጥፋት ይቻላል፤ አደረግኩትም። እሱን ብቻ ማመን ግን አይበቃም። ኔትወርኩ ተቋርጦ ገጹ እንደገና ሊከፈት ይችላል። ጥያቄው ሰርቨሩ ደርሶ መልሱ ብቻ ሊጠፋም ይችላል። ሰርቨሩ ራሱ «ይህን አይቼዋለሁ» ማለት መቻል አለበት።

ያደረግኩት ይህ ነው። እያንዳንዱ ባዶ ፎርም ሲከፈት የራሱ የሆነ ረጅም መለያ ይሰጠዋል። ዩዩአይዲ የሚባለው ነው፤ ሁለት ፎርሞች አንድ ዓይነት ይደርሳቸዋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። መለያው በተደበቀ ሣጥን ውስጥ ከፎርሙ ጋር ይላካል። ቪውው መጀመሪያ «በዚህ መለያ የተቀመጠ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ካለ ወደዚያው ደረሰኝ ይመራል። ከሌለ ይፈትሽና ያስቀምጣል። ሁለት ጥያቄዎች እኩል ቢደርሱ ደግሞ ዳታቤዙ ራሱ እንዲከለክል መለያው ላይ የማይደገም የሚል ገደብ አደረግሁ። ይህ ገደብ መቅረት የለበትም። ቪውው ጠይቆ እስኪጽፍ ባለችው ቅጽበት ሌላው ሊገባ ይችላል። የጃንጎው «ፈልግ፣ ካጣህ ፍጠር» የሚለው ዘዴ ከዚህ ገደብ ጋር ሲሆን ሁለተኛውን በሰላም ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል።

ማታ ቤት ሆኜ አምስት ጊዜ በተከታታይ ላክሁት። መዝገቡ አንድ ብቻ ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ዛሬ የደረሰው አስደንግጦኛል። ልቤ ገና አልተረጋጋም።

መሪጌታ አንድ ገበሬ መዘገቡ፤ ደረሰኙ መጣ። ሁለተኛውን መዘገቡ። «ተመዝግቧል» አለ። ሦስተኛውንም መዘገቡ። ዝም ብለው ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ይኼ የመጀመሪያው ሰው ስም አይደለም ወይ?» አሉኝ። ነበር። ሦስቱም ደረሰኝ ላይ የመጀመሪያው ሰው ስም ነው ያለው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጭራሽ አልተቀመጡም።

ምክንያቱ ቅንፍ ነው። ለተደበቀው ሣጥን የመነሻ ዋጋ ስሰጥ መለያ የሚያወጣውን ፈንክሽን ከነቅንፉ ጻፍኩት። ቅንፍ ካለው ፓይተን እዚያው ይጠራዋል፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰርቨሩ ሲነሳ። ከዚያ በኋላ የሚከፈት ፎርም ሁሉ ያንኑ አንድ መለያ ይይዛል። ያለ ቅንፍ ብሰጠው ኖሮ ጃንጎ ባዶ ፎርም በወጣ ቁጥር ራሱ ጠርቶ አዲስ ያወጣ ነበር። ትናንት ቤት ስሞክር የላክሁት አንዱኑ ሰው ደጋግሜ ስለሆነ አላየሁትም። አንድ ብቻ መቀመጡን አይቼ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

አምና የተረሱትን አባት አሰብኩ። የእኔ ፎርም በአንድ ቀን ሁለት ሰው ሊረሳ ነበር፤ ያውም «ተመዝግቧል» እያለ።

ቅንፉን አነሳሁ። ሁለት ሙከራ ጻፍኩ። አንዱ ያው ፎርም ሁለቴ ሲላክ አንድ መዝገብ ብቻ መኖሩን ያያል። ሌላው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሁለት ሆነው መቀመጣቸውን። ሁለተኛውን ሙከራ ትናንት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

እዚያው ሌላ ቀዳዳም አየሁ። መሪጌታ ከደረሰኙ በብራውዘሩ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ እዚያው ፎርም ላይ ስሙን ቀይረው ሌላ ሰው ቢመዘግቡስ? መለያው የድሮው ነው። ሰርቨሩ «አይቼዋለሁ» ይልና አዲሱን ሰው ይጥለዋል። ስለዚህ መለያው ተመሳሳይ ሆኖ ይዘቱ ከተለየ ዝም ብሎ እንዳይመራ አደረግሁ። የጻፉትን ይዞ አዲስ መለያ ይሰጥና «ይህ አዲስ ሰው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ደረሰኙ ላይም «ቀጣይ ሰው መዝግብ» የሚል ትልቅ አዝራር አደረግሁ። ሰው ወደ ኋላ የሚመለሰው የፊቱን መንገድ ሲያጣ ነው።

የካቲት 7፣ ዓርብ

የስም ቀን። ሙሉ ቀን ፈጀ፤ ይገባዋልም።

ከድሮ ሥራዬ የገለበጥኩት የስም ማጣሪያ ነበረኝ። ላቲን ፊደል ብቻ ይቀበላል። ማንንም አያሳልፍም፤ ጣልኩት። «ቢያንስ ሦስት ፊደል» የሚልም ነበረው። በእኛ ፊደል ሙሴ ሁለት ነው፣ ዓሊ ሁለት ነው፣ ሩት ሁለት ነው። እሱንም ጣልኩት። ጃንጎ ፊትና ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ በራሱ ይቆርጣል፤ ያ ይበቃል።

ከባዱ አንድ ሰው በሁለት አጻጻፍ ሲመጣ ነው። ኃይለማርያም፣ ሀይለማርያም፣ ሐይለማርያም፣ ኃይለ ማርያም፣ ኃ/ማርያም። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር አምስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በዩኒኮድ (ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር በሚለይበት መዝገብ) ሀ፣ ሐ እና ኀ ምንም ዝምድና የላቸውም። የዩኒኮድ ማስተካከያ የሚባለውም አያገናኛቸውም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል ቀይሬ ማስቀመጥ ነበር። ለመሪጌታ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ኃይል በብዙኃኑ ኀ ነው» አሉኝ። «ዓለም በዐይኑ ዐ ነው። ሣህል በንጉሡ ሠ ነው። ሰውየው ስሙን እንዲህ ብሎ ከጻፈ አንተ በምን ሥልጣን ነው የምትቀይረው?»

እውነታቸውን ነው። ስሙ የእሱ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ራሱ በሰጠው አጻጻፍ መውጣት አለበት። ስለዚህ ሁለት ቦታ አስቀመጥኩት። አንደኛው ስሙ ነው፤ አይነካም። ሁለተኛው የመፈለጊያ ቁልፍ ነው፤ ሰው አያየውም። ቁልፉ ውስጥ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃ ሁሉ ሀ ይሆናሉ። ንጉሡ ሠ ወደ እሳቱ ሰ ይሄዳል፣ ፀሐዩ ፀ ወደ ጸሎቱ ጸ፣ ዐይኑ ዐ ወደ አልፋው አ። ካዕብ፣ ሣልስ እያሉ ሌሎቹም ይከተላሉ። ባዶ ቦታ፣ ነጥብና ሁለት ነጥብ ይጠፋሉ። በፓይተን ይህ አንድ የፊደል ሠንጠረዥና አንድ መስመር ነው።

ገ/ እና ወ/ እያሉ ማሳጠሩን ልፈታው ሞክሬ ተውኩት። ወ/ ወልደ ሊሆን ይችላል፣ ወለተም ሊሆን ይችላል። ተ/ ተክለም ነው፣ ተስፋም ነው። ኮዱ መገመት የለበትም። መሪጌታ ሰውየው ፊት ለፊታቸው ስለሚቆም ይጠይቁታል። ፎርሙ የሚያደርገው የእዝባር (/) ምልክት ሲያይ «እባክዎ ስሙን ሙሉውን ይጻፉት» ማለት ብቻ ነው።

ቁልፉ ተመሳሳይ የሆነ ሰው ቢገኝም መከልከል አላደረግሁም። አንድ ጎጥ ውስጥ ሞክሼ ሞልቷል። አያት ድረስ አንድ ዓይነት ስም ያላቸውም አይጠፉም። ፎርሙ «ይህን የሚመስል ተመዝግቧል» ብሎ ያሳያል፤ ውሳኔው የመሪጌታ ነው።

ስልኩን ቶሎ ጨረስኩ። በ09 ወይም በ07 ይጀምር፣ በ251 ይጀምር፣ በመሐል ባዶ ቦታ ይኑር፣ ሁሉም ይገባል። ሲቀመጥ አንድ ዓይነት ይሆናል። እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነው የሚቀመጠው፤ አለዚያ የፊቱ ዜሮ ይጠፋል። የግድም አይደለም፣ የማይደገምም አይደለም። ብዙ አባቶች የሚያስመዘግቡት የልጃቸውን ስልክ ነው፤ አንድ ልጅ ደግሞ ለሦስት ቤት ስልክ ይሆናል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

መሪጌታ የመሬት ስፋት ላይ ፪ ብለው ጻፉ። ሰርቨሩ 500፣ ማለት የውስጥ ስህተት፣ ብሎ ወደቀ።

ኮዴን አየሁት። መጀመሪያ ፓይተንን «ይህ አኃዝ ነው?» ብዬ ጠይቄ፣ አዎ ካለ ወደ ቁጥር እቀይራለሁ። ፓይተን ለ፪ አዎ አለ። ልቀይረው ስል ግን አልችልም ብሎ ወደቀ። እውነትም ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት አኃዝ መሆናቸው ተመዝግቧል። ወደ ቁጥር የሚቀይረው ፈንክሽን ግን የሚቀበለው ዜሮ ያለውን፣ በቦታ የሚነበበውን የአሥር አቆጣጠር ብቻ ነው። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ፳፭ ሃያ እና አምስት ተደምረው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ምልክት በዋጋው ወስጄ መደመር ነው ያለብኝ። የእያንዳንዱን ዋጋ ፓይተን ራሱ ያውቃል፣ ፳ ስለው 20 ይለኛል። መቶ ሲገባ ማባዛት ይመጣል። መቶ ቃዳ ያለው ግን እዚህ የለም።

መሪጌታን «በ2 ይጻፉት» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ዕድሜ ልካቸውን የጻፉት በዚህ ነው፤ ሥራውም ከአሥር መስመር አይበልጥም። አሁን ፪ም 2ም ይገባል።

የካቲት 10፣ ሰኞ

የይዞታ ደብተር ፎቶ እንዲላክ የሚያደርግ ሣጥን ነበረኝ። ሁለት ሰዓት ከፋይሉ ጋር ታገልኩ። ፎርሙ ሁልጊዜ «ፋይል የለም» ይላል። ቴምፕሌቱ (የገጹ ንድፍ) ላይ ፎርሙ ፋይል እንዲልክ የሚያደርገውን የመላኪያ ዓይነት አልጻፍኩም ነበር። እሱ ከሌለ ብራውዘሩ የፋይሉን ስም ብቻ ይልካል። ቪውው ላይም ፋይሎቹን ከጽሑፉ ለይቶ ለፎርሙ መስጠት ያስፈልጋል።

ሲሠራልኝ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። አንድ ሣጥን ስህተት ካለበት ፎርሙ ሲመለስ ጽሑፉ ሁሉ አለ፣ ፎቶው ግን የለም። ብራውዘሮች የፋይል ሣጥን በሰርቨር እንዲሞላ አይፈቅዱም፤ ለደኅንነት ነው። በዚያ ኔትወርክ ፎቶውን ሁለት ጊዜ መላክ ማለት ነው።

ሊቀመንበሩን ጠየቅሁ፦ «ፎቶው ለምን ያስፈልጋል?» ኮፒው መዝገብ ቤት አለ አሉ። ሣጥኑን አወጣሁት።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ትናንት የሰማዕታት ቀን ነበር፤ አልሠራሁም።

ዛሬ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጣች። መሪጌታ ፎርም እየሞሉ ነበር። እሷ በዚያው ላፕቶፕ ሌላ ታብ ከፍታ በራሷ ስም ገባች። መሪጌታ ወደ ፎርማቸው ተመልሰው «መዝግብ» ሲሉ ነጭ ገጽ መጣ፣ በእንግሊዝኛ፣ 403፣ ማለት አልተፈቀደም። የሞሉት ጠፋ። ምንም አላሉም። ደብተራቸውን ብቻ ሳብ አደረጉ።

እንዲህ ነው የሆነው። ጃንጎ በእያንዳንዱ ፎርም ውስጥ ምስጢራዊ ምልክት ያስቀምጣል፤ ሲኤስአርኤፍ ቶክን ይባላል። መሪጌታ ገብተው እያለ ሌላ ድረ ገጽ በእሳቸው ብራውዘር ተጠቅሞ፣ ሳያውቁ፣ በስማቸው ፎርም እንዳይልክ ነው። አንድ ሰው ሎግኢን ሲያደርግ ይህ ምስጢር ይቀየራል። ባለሙያዋ ስትገባ ተቀየረ፤ የመሪጌታ ፎርም የያዘው የድሮውን ነው።

በአንድ መስመር ጥበቃውን ለዚህ ቪው ማጥፋት ይቻላል። አንዳንዱ የሚያደርገው ይህን ነው። እኔ አላደርገውም። እዚህ ያለው የሰው ስምና መሬት ነው።

ጃንጎ ግን ይህ ሲደርስ የራስን ገጽ ለማሳየት ይፈቅዳል። ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ። ምንም አያስቀምጥም። የተላከውን ወስዶ በአዲስ ምልክት ፎርሙን መልሶ ያሳያል፤ ከላይ «ገጹ ቆይቶ ነበር። የጻፉት አለ። አይተው እንደገና መዝግብ ይበሉ» ይላል። የሚያስቀምጠው ሰው አይቶ ሲጫን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባለሙያዋ ከገባች በኋላ መሪጌታ የሚመዘግቡት ሁሉ በእሷ ስም ነው የሚቀመጠው። ከፎርሙ አናት ላይ «መዝጋቢ» ብዬ የገባውን ሰው ስም በትልቁ ጻፍኩ። ባለሙያዋም ከአሁን በኋላ በራሷ ስልክ እገባለሁ አለች።

ማታ መሪጌታ ጋ ደወልኩ። የጠፋባቸውን ሰው በደብተር ጽፈውት ነበር። በስልክ እየነገሩኝ እኔው አስገባሁት።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ቅዳሜና እሑድ ሥራ አልነበረም። እሑድ ቅበላም ኪዳነ ምሕረትም ስለነበር ቤተሰብ ጋ ዋልኩ። ትናንት ጾሙ ገባ።

ዛሬ የሠራሁት ሁለት ሣጥን አንድ ላይ የሚታይበትን ፍተሻ ነው። በእኛ አገር 4 ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። ለአንድ ሄክታር በቆሎ 25 ኪሎ ዘር ይዘራል። ከረጢቷ 12.5 ኪሎ ናት። ስለዚህ አንድ ከረጢት ለ2 ቃዳ። 2 ቃዳ ያለው ሰው 6 ከረጢት ካስመዘገበ አንድ ነገር ተሳስቷል። ጃንጎ ላይ እያንዳንዱ ሣጥን ለብቻው ከተፈተሸ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያይ ቦታ አለ። እዚያ ጻፍኩትና ከልክ ያለፈውን ከለከልሁ።

ባለሙያዋ አይታ ራሷን ነቀነቀች። «በእኩል የሚያርሰውስ? መሬቱ የሌላ ነው፣ ዘሩ የእሱ ነው።»

አላሰብኩትም ነበር። ክልከላውን ወደ ጥያቄ ቀየርኩት። ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ ፎርሙ የጻፉትን ይዞ ይመለሳል፤ ያኔ ብቻ አንዲት ሣጥን ትወጣለች፦ «ቁጥሩን አረጋግጫለሁ፣ በእኩል የሚያርሰው መሬት አለ»። ምልክት ከተደረገባት ያልፋል። የቃዳ ሣጥን ባዶ ሆኖ ሲመጣ ግን ይህ ፍተሻ መሥራት የለበትም። ሣጥኑ ራሱ ስላልተሳካ የተጣራው ዝርዝር ውስጥ የለም። እዚያ አለ ብሎ የሚወስደው ኮድ ይወድቃል። መጀመሪያ መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስህተት ሲኖር የሚወጣውን ጽሑፍም ዛሬ ሁሉንም በአማርኛ ጻፍኩ። «ይህ መስክ ልክ ያልሆነ ዋጋ ይዟል» የሚል አልፈለግሁም። «የከረጢት ብዛት በቁጥር ይጻፉ፣ ለምሳሌ 2» አልኩ። መሪጌታ አንድ በአንድ አንብበው ሁለቱን አረሙልኝ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ዛሬ የያዝኩት ቅድመ ክፍያ የተከፈለበትን ቀን የሚቀበለውን ሣጥን ነው። የብራውዘሩ የቀን ሣጥን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ሣጥን አደረግሁ፣ ቀን፣ ወር በስሙ፣ ዓመት። ጃንጎ ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚያይ የፎርም ዓይነት አለው። ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጁ ይቀመጣል፣ ሲታይ በእኛ።

ልወጣው ከሚፈራው ቀላል ነው። ፓይተን ቀኖችን ከፈረንጆቹ 1ኛ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ በተራ ቁጥር ይቆጥራል። የእኛ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. በዚያ ቆጠራ 2796ኛው ቀን ነው። በዚያ ላይ ያለፉት ዓመታት በ365 ተባዝተው ይደመራሉ። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ሙሉው ቁጥር ይደመራል። ያለፉት ወራት በ30 ተባዝተው፣ ከዚያ የወሩ ያለፉ ቀናት። ያ ነው። 13 ወር ስላለን የሚያስጨንቅ ነገር የለውም፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱም 31 የለበትም።

ፍተሻው ጳጉሜን ላይ ነው። 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ ነው። 2015 እንዲያ ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ብሎ የጻፈ ሰው በትሕትና መመለስ አለበት።

ትናንት አድዋ ስለነበር ሙከራውን በእሱ አደረግሁት፤ የካቲት 23 ቀን 1888። ማርች 1 ቀን 1896 አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ዋናው ምዝገባ ተጀመረ። በዓለ እግዚአብሔር ስለሆነ እርሻ የለም፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ማህበሩ መጣ። ግቢው ሞላ። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሰርቨሩ የሚደርሰውን ጥያቄ ሁሉ የሚጽፍበትን ዝርዝር አያለሁ።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ዝርዝሩ ላይ አንድ ፎርም አራት ጊዜ ሲደርስ አየሁ። የተቀመጠው አንድ ነው። ተመሳሳይ ስም የሚለው ማሳሰቢያ ሰባት ጊዜ ወጣ። አምስቱ ሞክሼዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ትናንት በባለሙያዋ ስልክ የተመዘገቡና የረሱ። 403 አንድ ጊዜ መጣ። መሪጌታ ከላይ ያለውን አንብበው፣ እንደገና ተጫኑና ቀጠሉ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ገቡ። መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሱ። አምና የተረሱት አባት መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቅሁት። ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ተናገሩ። መሪጌታ ቀስ እያሉ ጻፉ፣ ሐመሩን ሐ ፈልገው አገኙ። ቃዳው ላይ ፫ አሉ። ደረሰኙ ወጣ። መሪጌታ ቁጥሩን በወረቀት ገልብጠው ሰጧቸው፤ ከዚያ ደብተሩን ከፍተው እዚያም ጻፏቸው።

ማታ ዝርዝሩን ከደብተሩ ጋር አመሳከርን። 61 እና 61። ሰኞ ደረሰኙን ማተሚያ ላይ የማውጣቱን ሥራ እጀምራለሁ፤ መሪጌታ በእጅ መገልበጡ ደክሟቸዋል።